ተሸንፋ ትግባ

ጥሩዬ በሰባ ሁለት ዓመት ዕድሜዋ ፈጣሪዋን ያልለመነችው ነገር የለም፤ ሽንፈት ግን ለምና አታውቅም ነበር። ያን ሐሙስ ጧት ለመነች። ቤርሳቤህ፣ ሽኩና አሌፍ በሚባለው ሰፈር ካለው ቤቷ መስኮት ሥር ቆማ ነጠላዋን አጣፋችና፣ «የእስራኤል አምላክ ሆይ፣ ዛሬ ይችን ልጅ አሳፍርልኝ። አፏን ያዝልኝ። ተሸንፋ ትግባ፤ ብቻ ትግባ» አለች።

ይችን ልጅ ያለቻት የልጇን የንጉሴን ልጅ፣ ኤላን ነው። ኤላ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሳትናገር ውሃ እንኳ አትጠጣም። የምትማርበት ሽኩና ዩድ አሌፍ ያለው ትምህርት ቤት ደግሞ ሙግት የሚለማመድ ቡድን አለው። ጥሩዬ መጀመሪያ የሰማች ቀን፣ «ሙግትም ይማሩታል? ያለ አስተማሪ የሚመጣ በሽታ መስሎኝ!» ብላ ስቃ ነበር። ሳቋ አልቆየም።

የሙግቱን ሥርዓት ኤላ ነግራታለች። ሦስት ለሦስት ሆነው ይቀመጣሉ። አንድ ነገር መሐል ይጣላል። ከዚያ ሳንቲም ይወረወራል፤ ማን ደጋፊ፣ ማን ተቃዋሚ እንደሚሆን የሚወስነው ሳንቲሙ ነው። ሩብ ሰዓት ክፍል ተዘግቶባቸው ይመክራሉ፤ ወጥተው እያንዳንዳቸው ሰባት ሰባት ደቂቃ ይናገራሉ።

«ሳንቲም?» አለች ጥሩዬ። «ልብሽ ያለውን የሚያውቀው ሳንቲም ነው?»

«ልቤን ማን ጠየቀኝ፣ እማማ? አዎ ከደረሰኝ አዎ እላለሁ፤ አይ ከደረሰኝ አይ እላለሁ።»

«እንግዲያ ውሸት ነው የሚያስተምሩሽ በይኛ።»

«ውሸት አይደለም፣ ዲቤት ነው!»

«ስም ሲያወጡለትማ ያምራል።»

ኤላ ሦስተኛ ተናጋሪ ናት። የሦስተኛው ሥራ አዲስ ነገር ማምጣት አይደለም፤ ሌላው የካበውን ማፍረስ ነው። ማታ ማታ አያቷ ዘንድ እያደረች፣ ስልኳን ሰዓት አድርጋ ማቀዝቀዣው ፊት ቆማ ትለማመዳለች። ጥሩዬ ከበሩ ጀርባ ትሰማለች። ሠላሳ ዓመት የክሊኒክ ወለል ስታጥብ ዕብራይስጡን ለራሷ የሚበቃትን ያህል ለቅማለች፤ የኤላ ግን እንደ ጎርፍ ነው፣ አይያዝም። ቃሉን ትታ ድምፁን ሰማች። ልጅቱ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች፣ ትጠብቃለች፣ ፈገግ ትላለች፤ ከዚያ ትመታለች።

ጥሩዬ እንዲህ አድርጎ የሚናገር ሰው በሕይወቷ አንድ ብቻ ታውቃለች።

አያልነህ ታላቅ ወንድሟ ነበር። ንጉሴ እንኳ እንዲህ ያለ አጎት እንደነበረው አያውቅም፤ ጥሩዬ ስሙን ከአፏ አውጥታው አታውቅም። በንጉሡ ዘመን ነው፣ ጎንደር። ያን ጊዜ የሚያርሱት መሬት የሰው ነበር፤ ከአያት ከቅድመ አያት ቢያርሱትም የሰው ነበር። የባለመሬቱ የወንድም ልጅ ተነሥቶ ልንቀላችሁ አለ። ሽማግሌዎቹ ተለማምጠን እንደር ሲሉ አያልነህ ዳኛ ፊት ሄደ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። በትሩን ይዞ «ተጠየቅ!» ብሎ ቆመ። ያን ቀን የተናገረው ነገር ሰዉን አሳቀው፣ አስለቀሰው፤ ዳኛው ራሱ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ ተባለ። ፈረደለትም።

ወሬው ከእሱ ቀድሞ መንደር ገባ። ሴቱ እልል አለ። ጥሩዬ ያን ጊዜ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከሁሉ በፊት እኔ ልሳመው ብላ ወደ ወንዙ መሻገሪያ ሮጠች። መጀመሪያ ያገኘችው ኩታውን ነው። ውሃው ዳር፣ ድንጋይ ላይ። ቀጥሎ እሱን አገኘችው።

እንግዲህ ወንድሟን የገደለው ሽንፈት አይደለም። ቢሸነፍ ኖሮ አንገቱን ደፍቶ ይገባ ነበር፤ እራቱን በልቶ ይተኛ ነበር። የገደለው መርታቱ ነው፤ የገደለው ከመርታት በኋላ ያለው፣ የተረታው ሰው የሚያደፍጥበት መንገድ ነው። ጥሩዬ ይህን አልረሳችም። ንጉሴን ስታሳድግም «እሺ በል፣ ዝም በል» እያለች ነው። ንጉሴም ተምሯል። ፋብሪካ ውስጥ አለቃው ሲጮህበት መሬት መሬት እያየ የሚቆም ሰው ሆኗል። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ በሕይወት አለ። ለጥሩዬ ይህ በቂ ነበር።

ስለዚህ ያን ሐሙስ ጸሎቱ ብቻውን አልበቃትም። ኤላ ፊቷን ስትታጠብ ከቦርሳዋ ኪስ ካርዶቿን ሰረቀች። ቀይና ቢጫ ካርዶች ናቸው፣ በላስቲክ የታሰሩ፤ ልጅቱ ወር ሙሉ ስትጽፍባቸው ከርማለች። ጥሩዬ ፊደል አትለይም። ወረቀት ግን ታውቃለች፤ በዚህ አገር ከየትኛውም መሥሪያ ቤት ብትገባ ወረቀት የሌለውን ሰው ማንም አይሰማውም። ወረቀት ከሌለ ቃል የለም ብላ ደመደመች። ካርዶቹን ጉያዋ ከተተችና፣ «እኔም እመጣለሁ» አለች።

ኤላ ደስ ብሏት አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ካርዶቹ በመሐላቸው ጎረበጡ፤ አላወቀችም።

ውድድሩ ዖሜር ነው። ከቤርሳቤህ ቅርብ ነው፤ ግን ሌላ አገር ነው። በረሃ ላይ ሣር አብቅለዋል፤ ሰው በእግሩ አይሄድም፤ ውሻቸው ከሰው ይበልጥ ይታጠባል። የቡድኑ አሠልጣኝ ሊሮን፣ አባቱን ጥሩዬ የምታውቀው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከሚኒባሱ ክንዷን ይዞ አወረዳት። «እማማ፣ እንኳን መጣሽልን። ደጋፊ ያስፈልገናል» አላት። ደጋፊ! ጥሩዬ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ጉያዋን ሸፈነች።

አዳራሹ በር ላይ ኤላ ቦርሳዋን ገለበጠችው። «ካርዶቼ! ሊሮን፣ ካርዶቼ የሉም!» ጥሩዬ ግድግዳ ግድግዳ አየች።

«ተረጋጊ» አለ ሊሮን። «ርዕሱን ገና አልሰማሽም። የድሮው ካርድ ምን ይሠራልሻል? ክፍል ስንገባ አዲስ ትጽፊያለሽ።»

ጥሩዬ ጉያዋን ዳበሰች። ያለ ጥቅም ሌባ ሆናለች።

ርዕሱ ተነበበ፦ የቤት ሥራ ከትምህርት ቤት ይቅር። ሳንቲሙ ተወረወረ። ለዖሜር ልጆች «ይቅር» ማለት ደረሳቸው፤ ለእነ ኤላ «አይቅር»። ኤላ፣ የቤት ሥራዋን አውቶቡስ ላይ የምትሠራው ልጅ! ሩብ ሰዓት ተዘጋባቸው። ሲወጡ እጇ ላይ አንዲት ነጭ ወረቀት ብቻ ነበረች።

ተናጋሪ በተናጋሪ ላይ ተነሣ። ከዖሜሮቹ መሐል አሳፍ የሚባል ረጅም ልጅ አለ፤ ሲናገር ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ ያደርጋል። ጥሩዬ እሱን ብቻ ነው ያየችው። ፊቱን አጠናች፣ ትከሻውን አጠናች፣ ጫማውን አጠናች፤ ሮጦ የሚደርስ እግር ነው።

ከዚያ ኤላ ተነሣች። አንድ ደቂቃ እንደተናገረች መሐል የተቀመጠችው ዳኛ ጠረጴዛውን ኳ አደረገች። ይኼኔ ሦስቱም የዖሜር ልጆች ባንድ ላይ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ፤ እጃቸውንም ወደ ኤላ ዘረጉ።

ይህን ለጥሩዬ ማንም አልነገራትም። አዳራሹ ጠፋ፤ ወንዙ መጣ።

«ወግድ! አትንካት!» ብላ ተነሥታ ጮኸች።

ሰዉ ሁሉ ዞረ። ዳኛዋ ሰዓቱን አስቆመችና ተመልካች ሁለተኛ ቢናገር ከአዳራሹ ይወጣል አለች። ሊሮን ሮጦ መጥቶ ትከሻዋን ይዞ አስቀመጣት። «እማማ፣ እማማ! ጥያቄ ነው። ጥያቄ ያለው ሰው እንዲህ ይቆማል። ኤላ ካልፈቀደች አፉን አይከፍትም፤ አትጠይቅ ካለችው ይቀመጣል።»

«እጁን ዘርግቶ?»

«እጁን ዘርግቶ። ሕጉ ነው።»

ሰዓቱ እንደገና ተነሣ። ኤላ ግን አልተናገረችም። ወረቀቷን አየች፤ ቀጥላ መሬት መሬት አየች። ጧት የተለመነው ደረሰ፤ አፏ ተያዘ። ጥሩዬ እፎይ ልትል ነበር፤ አልወጣላትም። ያቺ አንገቷን የደፋችው ልጅ ንጉሴን ሆና ታየቻት፣ አለቃው ፊት እንደሚቆመው፣ ልክ እንደዚያ። ደግሞ አዲስ ፍርሃት ገባት፤ ልጅቱ ከዚህ በኋላ ባትናገርስ?

ኤላ ቀና አለች። «አሳፍ፣ እሺ፣ ጠይቅ» አለች።

ጠየቀ። ኤላ ድምጿን ዝቅ አደረገች፣ ጠበቀች፣ ፈገግ አለች። ከዚያ የሆነ ነገር አለችና አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ አሳፍም ጭምር። ጥሩዬ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አያልነህ ሲናገርም እንዲህ ተስቆ ነበር።

ዳኞቹ መክረው ተመለሱ። ሁለት ለአንድ፤ እነ ኤላ ረቱ።

ልጆቹ ተቃቅፈው ሲዘሉ ጥሩዬ በሰው መሐል ገብታ የኤላን ክንድ ያዘች። «ነዪ። አሁኑኑ።»

«እማማ፣ ፎቶ አለ! እጅ መጨባበጥ አለ!»

«ይቅር። ነዪ ብያለሁ!»

ሚኒባሱን አለፈችው። በምን እንደመጡ ሁሉም ያውቃል፤ የሚጠብቅ ሰው የሚጠብቀው እዚያ ነው። በጓሮ በር ወጥታ ወደ ዋናው መንገድ ጎተተቻት። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። መኪና በየደጁ ቆሟል፣ ሰው አይታይም። ኤላ፣ «ዳይ፣ እማማ! በቃ! ምን ሆነሻል?» እያለች ትጎተታለች።

ከኋላ ኮቴ ሰማች። የሚሮጥ ኮቴ።

ዞረች። አሳፍ ነው። ብቻውን ነው፤ እጁ ላይ የሆነ ነገር ይዟል። ፀሐይዋ ከጀርባው ስለሆነች ምን እንደያዘ አይለይም። ሃምሳ ምናምን ዓመት የጠበቀችው ሰው መጣ። ኤላን ወደ ኋላዋ ገፋቻትና ሁለት እጇን ዘርግታ መንገዱን ዘጋች።

«በእኔ ላይ እለፍ! መጀመሪያ እኔን!»

ልጁ ሦስት እርምጃ ሲቀረው ቆመ። እሱም ፈራ፤ ፊቱ ነጣ። እያለከለከ እጁን ዘረጋ። ቀይና ቢጫ ካርዶች ናቸው፣ በላስቲክ የታሰሩ።

«ወድቀው ነበር» አለ ለኤላ። «ስትጮህ ጊዜ፣ ከአያትሽ ወንበር ሥር። ስምሽ አለበት።» ደግሞ ራሱን አከከ። «ያልሽው ሁሉ ልክ ነው፤ እኔም የማምነው እሱን ነበር። ሳንቲሙ ነው እንጂ።» ለጥሩዬ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠና ተመለሰ።

ኤላ ካርዶቹን አየች። አያቷን አየች። ላስቲኩን ፈታች፣ መልሳ አሰረችው።

አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ዝም። አግዳሚው ላይ ተቀምጠውም ዝም። ሳትናገር ውሃ የማትጠጣው ልጅ! ጥሩዬ ተቆጪኝ ብላ ጠበቀች፤ ስደቢኝ ብላ ጠበቀች። ዝምታው ግን እየወፈረ ሄደ። በንጉሴ ቤት ያለው ዝምታ ነው፤ ታውቀዋለች፣ በገዛ እጇ አሳድጋዋለች። አሁን ልጅቱ ውስጥ ሲገባ ዓይኗ እያየ ነው።

«አያልነህ የሚባል ወንድም ነበረኝ» አለች።

ኤላ ዞር አለች።

ነገረቻት። መሬቱን፣ ዳኛውን፣ ሳቁን፣ እልልታውን። ኩታውን። ድንጋዩ ላይ የተቀመጠበትን ቦታ ሳይቀር። አማርኛው ለኤላ ይከብዳል፤ ቢሆንም አላቋረጠቻትም። ካርዶቹን የሰረቀችውም ለዚህ ነው፤ «እንድትሸነፊ ጸልያለሁ» አለች። «ይቅርታ አልልሽም። ነገም እፈራለሁ።»

ኤላ ከአግዳሚው ተነሣች። ፊት ለፊቷ ቆመችና እጇን ወደ እሷ ዘረጋች።

ጥሩዬ ወደ ኋላ ሸሸት አለች። ኋላ ገባት። ልጅቱ እስኪፈቀድላት እየጠበቀች ነው።

«ጠይቂ» አለች።

«እንደሚገድሉት ቢያውቅ፣ እማማ፣ ዳኛው ፊት ዝም ይል ነበር?»

አውቶቡሱ መታጠፊያው ላይ ብቅ አለ። ጥሩዬ እስኪደርስ ድረስ መልስ ፈለገች፤ የሚያድን መልስ ፈለገች።

«አይልም» አለች። «የሚያስፈራኝ እሱ ነው።»

በሩ ተከፈተ። ኤላን አስቀድማ አስገባችና፣ ራሷ ከመሳፈሯ በፊት መንገዱን ወደ ኋላ አየች።