ወንበር ያለው ሥራ

አቶ ወንድይፍራው ከሞቱ አራት ዓመት ካለፋቸው በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ልጃቸው እጹብ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ወደተቀመጠችበት ክፍል ገቡ። ክፍሉ ለንደን ውስጥ በአንድ የኢንቨስትመንት ባንክ ሠላሳ አንደኛ ፎቅ ላይ ነበር። ግራጫ ኮታቸውን ለብሰዋል። በሩን በጥንቃቄ ዘጉና ግድግዳውን ተጠግተው ቆሙ።

እጹብ ስለ አንድ የጠርሙስ ፋብሪካ አዋጭነት እያስረዳች ነበር። የጀመረችውን ሳትጨርስ ከወንበሯ ተነሣች።

«ኖር» አለች።

«በእግዜር፤ ተቀመጪ» አሉ አባቷ።

አልተቀመጠችም። እንዴት ትቀመጣለች? እነሱ አገር ታላቅ ሲገባ ከመቀመጫ መነሣት ልጅ ገና አፉን ሳይፈታ የሚለምደው ነገር ነው፤ ታላቁ ሳይቀመጥም ታናሽ አይቀመጥም። እጹብ ከኮምቦልቻ የወጣችው በስምንት ዓመቷ ነው። ዩኒቨርሲቲውን በማዕረግ ጨርሳለች፤ ሕልሟን እንኳ የምታየው በእንግሊዝኛ ነው። እግሮቿ ግን ከአማርኛ ሌላ የሚሰሙት ቋንቋ አልነበረም።

ከሦስቱ ጠያቂዎች አንዱ ቀና ብሎ አያቸው።

«ካንቺ ጋር ናቸው?»

«አባቴ ናቸው።»

«በሕይወት አሉ?»

«የሉም።»

ሰውዬው ይህንኑ ጻፈና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ። እጹብ የቀሩትን ጥያቄዎች ቆማ መለሰች። ከዚያ በፊት ስልሳ አንድ ቦታ አመልክታ ስልሳ አንዱም «አልተሳካም» ብለዋታል። ይህኛው ተቀበላት። ለአሥር ሳምንት የሙከራ ሥራ ከገቡት አሥራ ሁለት ምሩቆች አንዷ ሆነች። ከአሥራ ሁለቱ የሚቀጠሩት አራት ናቸው።

አቶ ወንድይፍራው ኮምቦልቻ ሳሉ የአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ ነበሩ፤ ክንድ ማሳረፊያ ያለው ወንበር ነበራቸው። ለንደን ሲመጡ ያገኙት ሥራ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። ምድር ቤት ቆመው፣ ሁለት መዳፋቸውን ከፍ አድርገው፣ የሰው መኪና በኋላ ማርሽ ያስገቡ ነበር። ትንሽ፣ ትንሽ፣ አሁንም ትንሽ፣ በቃ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሠሩ፤ ልባቸው ቀጥ ያለችውም እዚያው እንደቆሙ ነው። ለልጃቸው የሚመክሩት ምክር አንድ ብቻ ነበር። «ወንበር ያለው ሥራ ያዢ» ይሉ ነበር። ወንበሩ የባንክ ይሁን የፍርድ ቤት ግድ አልነበራቸውም።

የቃለ መጠይቁ ዕለት ማታ እጹብ የሆነውን ሁሉ ለእናቷ ነገረቻቸው። ወይዘሮ አስካለ የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ቤት የሚሠሩ ሴት ናቸው፤ እሳቸውም የሚሠሩት ቆመው ነው፤ ጉልበታቸው ካለቀ ሰንብቷል። ሰምተው ሲያበቁ አልተገረሙም።

«ምን ለብሶ ነበር?»

«ግራጫውን ኮት።»

«ሻርፕስ?»

«አላደረጉም።»

«ይበርደዋል» አሉ እናቷ። ቀጥለውም «እዚህስ ለምን አይመጣም?» ሲሉ ጠየቁ። ከፍቷቸው ነበር።

ሥራው ሲጀመር አባቷ በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ መምጣት ጀመሩ። ታች ያለው ዘበኛ የጎብኚ መታወቂያ ደረታቸው ላይ ይለጥፍላቸዋል። ባንኩ ስለ ሞቱ ጎብኚዎች ያወጣው መመሪያ ግልጽ ነበር፤ መግባት ይችላሉ፣ መቆምም ይችላሉ። ወንበር የሚሰጠው ግን በደመወዝ መዝገብ ላይ ስሙ ላለ ሰው ነው። እጹብ በመጀመሪያው ቀን የራሷን ወንበር ስትስብላቸው ዘበኛው መጥቶ በትሕትና መለሰው።

«እኔ ለምጄዋለሁ» አሉ አባቷ። «አንቺ ተቀመጪ።»

እናቷ የላኩላቸውን ሻርፕ አንገታቸው ላይ ጠመጠመችላቸውና ቆመች። ጠረጴዛዋ ላይ ሁለት የወረቀት ካርቶን ደራርባ ኮምፒውተሯን እላዩ ላይ አስቀመጠች። ከአራት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት፣ አባቷ እስኪሄዱ ድረስ፣ ቆማ ትሠራለች። በሦስተኛው ሳምንት እግሯ አበጠ፤ በአምስተኛው ጫማዋ አልገባ አላት። ሥራዋ ግን እንከን አልነበረውም። አባቷ ከግድግዳው ጋር ቆመው፣ ባዶውን ወንበሯን ያዩ ነበር።

ከሌሎቹ ምሩቃን የማንም አባት አልመጣም። ኦሊቨር የሚባለው ልጅ ግን አያቱ እዚያው ነበሩ፤ ኮሪደሩ ላይ በወርቅማ ፍሬም ተሰቅለዋል። እሳቸውም የሞቱ ናቸው፤ ሆኖም በሥዕሉ ላይ ተቀምጠው ስለነበር መታወቂያ የጠየቃቸው የለም።

በዘጠነኛው ሳምንት አለቃዋ ክላሪሳ አስጠራቻት። ክላሪሳ እናቷ ልትሆን የምትችል ሴት ናት፤ በዚያ ቤት ግን ትልቁም ትንሹም በስሙ ብቻ ይጠራል።

«ሥራሽ ከአሥራ ሁለቱም ይበልጣል» አለቻት። «ይህን የሚክድ የለም። ችግሩ መቆምሽ ነው። ደንበኞች ሲያዩሽ ልትሄጂ የተነሣሽ ይመስላቸዋል።»

«አባቴ ቆመው እኔ አልቀመጥም።»

«በሳቸው ላይ ቅሬታ የለንም። ጸጥተኛ ሰው ናቸው።»

«አንድ ወንበር ቢፈቀድላቸውስ?»

«በሕይወት ሳሉ አመልክተው ቢሆን ይታሰብበት ነበር» አለች ክላሪሳ። ቀጥላም ነገሩን አስረዳቻት። ዓርብ ኮሚቴ ፊት ትቀርባለች። የሚቀርበው ተቀምጦ ነው፤ መሐል ላይ ከወንበሩ የተነሣ ማመልከቻውን እንደተወ ይቆጠራል። ደንቡ በእጹብ ምክንያት የወጣ አልነበረም፤ መቶ ዓመት አልፎታል።

«በሌላ ሰዓት ብቀርብስ?»

«ኮሚቴው የሚሰበሰበው አራት ሰዓት ላይ ነው።»

ሐሙስ ዕለት አባቷ ሊሄዱ ሲሉ እጹብ እስከ አሳንሰሩ ሸኘቻቸው። አንገቷን ደፍታ ነበር፤ የምትለው ነገር ያሳፍራል።

«አባባ፣ ነገ አንድ ቀን ባይመጡስ?»

አቶ ወንድይፍራው አሰቡበት። ተቆጥተው አልነበረም።

«ነገማ የምትቀመጪበት ቀን ነው» አሉ። «እሱን ሳላይ ልቅር?»

አሳንሰሩ መጣና ይዟቸው ወረደ።

ማታ ወይዘሮ አስካለ ጉልበታቸውን ቅባት እያሹ ሰሟት። ልጃቸው ሥራውን ካገኘች በመስከረም ማጠቢያ ቤቱን ሊለቁ አስበዋል፤ ለአለቃቸውም አፋቸውን ከፍተው ተናግረዋል።

«ተቀመጪ» አሉ። «እሱም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።»

«አንቺ ብትሆኚስ እማዬ?»

«እኔማ እነሣ ነበር። ለዚህ አይደል እንደኔ አትሁኚ የምልሽ?»

ዓርብ እጹብ ከኮሚቴው አምስት ሰዎች ፊት ተቀመጠች። ወንበሩ ጥሩ ነበር። ስለ ጠርሙስ ፋብሪካው ማስረዳት ጀመረች፤ ቃለ መጠይቁ ዕለት አቋርጣው ከተነሣችበት ቀጥላ። አራት ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ በሩ ተከፈተና አባቷ ገቡ። ሻርፑን አሳምረው ጠምጥመዋል፤ ጺማቸውን ተላጭተዋል።

እግሮቿ ሊነሡ ፈለጉ። በሁለት እጇ የወንበሩን ጠርዝ ይዛ ጭኗን ወደ ታች ተጫነች። ፋብሪካው በዓመት የሚያወጣውን ጠርሙስ ተናገረች፤ የሚሰበረውንም ተናገረች።

አቶ ወንድይፍራው በሩ አጠገብ ጠበቁ። አንገታቸውን ትንሽ ዘንበል አድርገው ነበር፤ ከሌላ ሰው አፍ ቃል እስኪወጣ የሚጠብቅ ሰው እንዲህ ያደርጋል። እጹብ ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈች። በዚያ ክፍል ውስጥ «ኖር» ያለ ሰው አልነበረም።

«በእግዜር» አሉ አባቷ ቀስ ብለው።

ከኮሚቴው አንዲት ሴት ቀና ብላ አየቻቸውና ወደ ወረቀቷ ተመለሰች። እጹብ ቀጠለች። ፊቷ በኀፍረት ነዶ ነበር፤ በሕይወቷ እንደዚያ ያፈረችበት ቀን የለም፤ አባቷንም እንደዚያ የወደደችበት ቀን የለም። ጨርሳ ዞር ስትል ግድግዳው ጋ ማንም አልነበረም።

«ወንበሩ ያንቺ ነው» አለቻት ክላሪሳ እጇን እየጨበጠች።

የአገሯ ሰው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላል። እጹብ ግን ያን ሰዓት ከብብቷ የጎደለ ነገር አልታወቃትም፤ ለእናቷ የምትነግረውን እያሰበች ነበር። ታች ስትደርስ ዘበኛው የአባቷን የጎብኚ መታወቂያ አሳያት።

«መልሰውልኛል። ከእንግዲህ አያስፈልገኝም ብለዋል።»

«ወዴት ሄዱ?»

«ወደ ቤት ነው ያሉት።»

እጹብ ደስ አላት። እናቷ ስንት ጊዜ የጠየቁት ነገር ነው። አውቶቡሱ ውስጥ ባዶ ቦታ ነበር፤ ተቀምጣ ሄደች።

ቤት ስትደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ፀሐይዋ ገና በመስኮቱ ትገባለች። በሩን በቁልፏ ከፈተች። እናትና አባቷ ምንጣፉ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጠዋት ስትወጣ አራት ወንበር የነበረው ቤት አሁን አንድ ብቻ ነበረው፤ እሱም ክፍሉ መካከል፣ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ቆሟል።

ሲያዩዋት ሁለቱም ተነሡ። ወይዘሮ አስካለ ምንም ሳይደገፉ ነበር የተነሡት፤ ጉልበታቸው አልተንቋቋም።

«ኖር» አሉ ሁለቱም አንድ ላይ።

እጹብ ቦርሳዋን እንደያዘች ቆመች። መልሱን ታውቀዋለች፤ ከአፏ ግን አልወጣም።

«እማዬ፣ ሥራውን አገኘሁ።»

«እንኳን ደስ አለዎት» አሉ እናቷ።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ። ተቀመጪ እንጂ።»

«እርስዎ ሳይቀመጡ?» አሉ ወይዘሮ አስካለ። ዓይናቸው መሬት መሬት ያይ ነበር፤ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አጣምረዋል።

እጹብ ወደ አባቷ ዞረች። አቶ ወንድይፍራው ሁለት መዳፋቸውን ከፍ አደረጉና በጣታቸው ጠሯት፤ ትንሽ ወደ ግራ መሯት፤ መልሰው አቃኗት። እጹብ ፊቷን ወደነሱ እንዳደረገች በጀርባዋ ወደ ወንበሩ ሄደች። ትንሽ፣ ትንሽ፣ አሁንም ትንሽ። የወንበሩ ጠርዝ ከጉልበቷ ኋላ ነካት።

«በቃ» አሉ አባቷ።

ተቀመጠች። እናቷ እንደቆሙ ቀሩ፤ አባቷም መዳፋቸውን አላወረዱም።