አራት ወረቀት፣ አንድ አንገት

ሲስተር ካሳንዲ የአልጋ ሰባትን ካርድ ለሦስተኛ ጊዜ አነበበችው። «ምግብ፦ አልበላም።» ትናንትም አልበላም። ከትናንት ወዲያም አልበላም። ጽሑፉ የነርስ ምዋናኮምቦ ነው። ከባሕር ዳር ከተማው ከላሙ የመጣችው ይህች ልጅ ፊደሏን እንደ ዶቃ ነው የምትደረድረው፤ ያልተባለ ነገር ጽፋ አታውቅም።

አልጋ ሰባት ላይ የተኛው፣ በዕድሜው ሁሉም «ሙዜ» እያለ የሚያከብረው ሉስዌቲ፣ ሸንኮራ አገዳ ጫኝ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ከተጫነ ተጎታች ላይ ተንሸራቶ በአንገቱ ወደቀ። ክንዶቹ ደነዘዙ፣ እግሮቹ አልታዘዝ አሉት። ዶክተር ንዱንጉ በጉሮሮው በኩል ገብቶ የተሰበረውን አጥንት አወጣ፣ ነርቩን ከተጫነው ነገር አላቀቀ፣ አንገቱን በብረት አሰረ። ቀዶ ጥገናው የተዋጣለት ነበር፤ በዚህ ማንም አይከራከርም። ዛሬ ከተሠራ አራተኛ ቀኑ ነው። ሰውየው ግን እግሩን ከአልጋ አላወረደም፤ ከጠዋት ጀምሮ ደግሞ ደረቱ ማንኳረር ጀምሯል።

ካሳንዲ ያንን ድምፅ ታውቀዋለች። ባለፈው ዓመት አንዲት ሻይ ለቃሚ እንዲሁ አንገቷን ተሠርታ ተኝታ ነበር። ሐኪሙ ፊዚዮቴራፒስቱን ጠበቀ፣ ፊዚዮው ነርሷን ጠበቀ፣ ነርሷ ሐኪሙን ጠበቀች። በዘጠነኛው ቀን የሳንባ ምች ወሰዳት። አስከሬኗን ያጠበችው ካሳንዲ ነበረች። የዚያን ቀን፣ ሁለተኛ በመጠባበቅ ሰው እንዳይሞትባት ለማንም ሳትነግር ለራሷ ማለች።

ዶክተር ንዱንጉን ኮሪደር ላይ ደረሰችበት። እሱ ሲሄድ ነው የሚነጋገረው።

«ካልዋጠ ከጉሮሮው ኋላ ደም ተጠራቅሞ ይሆናል» አላት። «ነገ ሁለት ሰዓት ላይ መልሼ እከፍተዋለሁ።»

«ደረቱ ጥሩ አይደለም ዶክተር። በዚህ ደረት ዳግም ማደንዘዣ ቢወስድ…»

«አውቃለሁ። ራጁ ላይ እብጠት አለ።»

«በአራተኛው ቀን ሁሉም ላይ አለ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

«ሁሉም ግን ይበላል፤ እሱ አይበላም» አለና በሩን ገፍቶ ገባ።

ፊዚዮቴራፒስቱን ሙቱኩን ከክራንቾቹ መሃል አገኘችው። «ለምን አላስነሳኸውም?»

«ካርዱን አላየሽም? ያልበላ ሰው አላቆምም። ባለፈው ወር አንዱ ራሱን ስቶ እላዬ ላይ ወድቆ፣ እኔ ራሴ በሽተኛ ልሆን ነበር።» ወረቀቱን አሳያት። «አልተነሳም፤ አልበላምና» ይላል፤ ሦስት ቀን፣ ሦስት መስመር።

ከዚያ ወደ ወጥ ቤት ወረደች። የወጥ ቤቷ ኃላፊ ማማ ፊሊስታ በግድግዳው ላይ የተሰቀለ የራሷ ወረቀት አላት። ካሳንዲ በጣቷ እየተከተለች አልጋ ሰባት ላይ ደረሰች። ባዶ። ባዶ። ባዶ።

«ይሄ ምን ማለት ነው?»

«ሳህኑ ባዶውን ተመለሰ ማለት ነዋ። ምነው፣ ጎደላቸው?»

ካሳንዲ ወረቀቱን ነቅላ ይዛው ሄደች። ማማ ፊሊስታ ከኋላዋ «ኧረ የኔ ነው!» እያለች ቀረች።

ሳህኑ ባዶ ነው፤ ሰውየው አልበላም። እንግዲያው ሌላ ሰው ይበላል። ይህ ሐሳብ ደስ አላላትም፤ ግን ሌላ አልመጣላትም። የሙዜ ሉስዌቲ ሚስት ናሊያካ ከአልጋው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቅርጫት ትሰፋ ነበር። ካሳንዲ ወደ ደጅ ጠራቻት።

«ማማ፣ ቅር እንዳይልሽ። የሙዜን ሳህን ማነው ባዶ የሚያደርገው?»

ናሊያካ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። «የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

«የቡንጎማ ነኝ፤ የዚሁ አገር ልጅ።»

«የቡንጎማ ሴት ልጅ የበሽተኛ አጥሚት ቀማሽ አለችኝ» አለች ለራሷ ያህል። መቀነቷን አጠበቀች፣ ወደ ግቢው ወጣች፣ ከዛፉ ሥር ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። ሁለት ጊዜ ብትጠራት ዞር አላለችም።

ካሳንዲ አፈረች፤ ግን አልቆመችም። የሐኪሙን፣ የነርሷን፣ የፊዚዮውን፣ የወጥ ቤቱን ወረቀት ጎን ለጎን ደረደረቻቸው። አራቱም ስለ አንድ አንገት ነው የሚያወሩት። አራቱን አንድ ላይ ያየ ሰው ግን እስከዛሬ አልነበረም፤ እሷም ጭምር። ለእያንዳንዳቸው መልእክት ላከች፦ አሥር ሰዓት ላይ፣ አልጋ ሰባት አጠገብ፣ ለአሥር ደቂቃ።

«ስብሰባ ነው?» አለ ዶክተር ንዱንጉ። «ስብሰባ አልወድም።»

«ወንበር የለም ዶክተር። ቆመን ነው።»

አሥር ሰዓት ላይ መጡ። ዶክተሩ ሰዓቱን እያየ፣ ሙቱኩ ታካሚ የሚደግፍበትን ሰፊ ቀበቶ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ምዋናኮምቦ እስክሪብቶዋን ይዛ፣ ማማ ፊሊስታ ሽርጧን ሳትፈታ። ናሊያካም ተጠርታ ሳይሆን ራሷ ገብታ፣ ጥግ ላይ ቆመች።

«ሲስተር ካሳንዲ ማንን ልትድር ነው የሰበሰበችን?» አለ ሙቱኩ።

 ካሳንዲ አራቱን ወረቀቶች ብርድ ልብሱ ላይ ዘረጋች። ሙዜ ሉስዌቲ በአንገት ድጋፉ ውስጥ አገጩን ቀና አድርጎ፣ በዓይኑ ብቻ ይከታተላቸዋል።

«ሙዜ፣ ዛሬ በልተዋል?»

«አልበላሁም» አለ። ድምፁ ጎርነን ያለ ነው፤ ቃሉ ግን ጥርት ያለ ነበር።

ዶክተሩ ይኸው በሚል ዓይን አያት። ምዋናኮምቦ «እኔም በየቀኑ የምጽፈው ራሳቸው ያሉትን ነው» አለች።

«እንዴት አልበላሁም ይላሉ?» ማማ ፊሊስታ ወገቧን ያዘች። «ሳህኑን እስኪያብረቀርቅ ልሰው የሚመልሱት ማን ሆነና?»

ናሊያካ ከጥግ ጉሮሮዋን ጠረገች።

ካሳንዲ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ በሆስፒታሉ ቋንቋ ሳይሆን በእናቷ ቋንቋ፣ በቡኩሱ፣ ሌላ ጥያቄ ጠየቀችው።

«ሙዜ፣ ከጠዋት ጀምሮ በጉሮሮዎ ምን አለፈ?»

«በጉሮሮዬ?» አሰበ። «አጥሚት ነዋ፤ ሁለት ኩባያ። አንድ እንቁላል። አቮካዶም ነበር። ቀን ላይ ሩዝ በዓሣ መረቅ ሰጡኝ፣ ቀስ ብዬ ጨረስኩት። አሁን ደግሞ የተፈጨ ሙዝ። ሻዩን ሳልረሳ።»

ካሳንዲ እያንዳንዱን ለሌሎቹ ተረጎመች። ዶክተሩ ሰዓቱን ማየት ተወ።

«ታዲያ ይህን ሁሉ በልተው!» አለ።

«ምኑን?» አለ ሙዜ ሉስዌቲ፤ ከልቡ ነበር የተገረመው። «ኡጋሊ ሳይኖር?»

 ማማ ፊሊስታ አፏን በእጇ ያዘች።

«በላሙ ሩዝ የበላ ሰው በላሁ ነው የሚለው» አለች ምዋናኮምቦ ቀስ ብላ።

«እዚህ አይደለም» አለች ካሳንዲ። ፊቷ ነደደ። አባቷ ከሠርግ ሥጋና ሩዝ ጠግቦ ሲመጣ፣ «ጦማችንን አሳደሩን» ብሎ እናቷን ድስት ያስጥዳት ነበር። ኡጋሊው፣ ያ ጠንካራ የበቆሎ ገንፎ፣ እጁን ካላሞቀው ለአባቷ ቀኑ አልዋለም። ይህን ከልጅነቷ ጀምራ ታውቃለች። ቃሉ በሌላ ሰው ጆሮ አልፎ፣ በሌላ ሰው እጅ ተጽፎ ሲመጣ ግን የገዛ አገሯን ቃል አላወቀችውም። ሦስት ቀን ሙሉ ወረቀት አንብባለች፤ ሰውየውን አልጠየቀችም።

«እኔም ሌባ ተባልኩ» አለች ናሊያካ።

ካሳንዲ ተነሥታ ፊት ለፊቷ ቆመች። «ይቅር በዪኝ ማማ። አጥፍቻለሁ።»

«ሰምቻለሁ» አለች ናሊያካ። ይቅር ማለቷ ይሁን አለመሆኑ አልታወቀም፤ ግን ወደ አልጋው ቀረበች።

ዶክተር ንዱንጉ ውሃ አስመጣና ሉስዌቲን በፊቱ አስጠጣው። አንድ ጉንጭ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቁስሉን ዳሰሰ፣ ድምፁን አናገረ፣ ደረቱን ከፊትም ከኋላም አዳመጠ። ከዚያ ማዳመጫውን ከጆሮው አወጣ።

«ነገ አልከፍተውም» አለ። «አደጋው ጉሮሮው ላይ አይደለም። መተኛቱ ነው።» ቀጥሎም ወደ ሙዜው ዞሮ፣ «ኡጋሊ ግን ለሁለት ሳምንት የለም። እብጠቱ እስኪወርድ ለስላሳ ብቻ።»

«እንግዲያው ሁለት ሳምንት አልበላም ብለው ይጻፉ» አለ ሉስዌቲ።

«አቅጥኜ ባገነፋስ?» አለች ናሊያካ። «ከማንኪያ የሚፈስ።»

«እሱን ኡጋሊ ብለሽ ልታታልዪኝ ነው?»

«ከአጥሚትና ከኡጋሊ መሃል ነው። ስም አውጣለት።»

ዶክተሩ ከአጥሚት ብዙም እንዳይወፍር ነግሮ ፈቀደ። ማማ ፊሊስታ ምድጃዋን ለናሊያካ እለቃለሁ አለች። ምዋናኮምቦ ከካርዱ ላይ «በልቷል / አልበላም» የሚለውን ሰርዛ፣ «ምን አለፈ?» ብላ ጻፈች።

«ጥሩ» አለ ዶክተሩ። «ነገ ጠዋት ሙቱኩ ያስነሳዋል።»

«አሁን» አለች ካሳንዲ።

«ሲስተር፣ መሽቷል።»

«አሥር ሰዓት ተኩል ነው። አራት ቀን ተኝቷል። ሁላችንም እዚህ ነን፤ ነገ በየቦታችን ነን።» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። መንገዱን ግን አልለቀቀችለትም።

ዶክተሩ እጅጌውን ሰበሰበና የአንገት ድጋፉን ራሱ አስተካከለ። ሙቱኩ ቀበቶውን በወገቡ አዞረ። ምዋናኮምቦ የግሉኮሱን ገመድ ሰበሰበች። ማማ ፊሊስታ ወንበር ከኋላ ደቀነች።

በመጀመሪያው ሙከራ ጉልበቱ ከዳው፤ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ላቡ በጆሮው ሥር ወረደ። ሳለ፤ ጥልቅ ሳል ነበር፣ አክታውን ከሥሩ ያመጣ። ካሳንዲ ሳህን አቅርባ «እንደገና ይሳሉ፣ ይውጣ» አለችው።

«ሸንኮራ ስትጭን» አለ ሙቱኩ፣ «መጀመሪያ ምንህን ነው የምታጠብቀው?»

«ሆዴን።»

«እሱን አጥብቅ።»

በሁለተኛው ቆመ። እግሮቹ ተንቀጠቀጡ፤ ቆመ። ቀኙ ተጎተተ፣ ግራው ተከተለ። መስኮቱ ጋ ለመድረስ ዘጠኝ እርምጃ ፈጀበት፤ ካሳንዲ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ቆጠረች። ሉስዌቲ የመስኮቱን ብረት ጨብጦ ትንፋሹን ሰበሰበ።

«በሩስ?» አለ።

«በሩ ለነገ ይደር» አለ ሙቱኩ።

«ነገ ሊከፍቱኝ ነበር፤ ተዉት። ዛሬ ልሞክረው።»

ሙቱኩ ወደ ካሳንዲ አየ። ካሳንዲ ወደ ዶክተሩ አየች። ዶክተሩ የሙዜውን እግር ተመለከተና ከመንገዱ ገለል አለ። አንገቱ የማይዞር ሰው ሙሉ ሰውነቱን ነው የሚያዞረው፤ ሉስዌቲ በትንንሽ እርምጃ፣ እንደ ተጫነ ተጎታች፣ ዞረ። ሙቱኩ ቀበቶውን ይዞ፣ ምዋናኮምቦ የግሉኮሱን ምሰሶ እየገፋች፣ ማማ ፊሊስታ ወንበሩን ከኋላ እየጎተተች፣ ናሊያካ ክንዱን ሳትይዝ ከክንዱ አጠገብ፣ ወደ በሩ ተነሡ። ካሳንዲ ቀድማ ሄዳ በሩን ከፈተችው።