የሚራመደው ማሽን

ጋሽ «ቀስ በል» ይሉታል። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ሲነዳ አንድ ቀን እንኳ ፈጥኖ ስለማያውቅ የወጣለት ስም ነው። ጡረታ ወጥቶ ዓመት ሳይሞላው ሚስቱ ሞተችበት። የጡረታው ገንዘብ ወር አላደርስ ሲለው ልጁ፣ «አባዬ፣ ለአንድ ሰው ይሄ ሁሉ ዕቃ ምን ያደርጋል? አቧራ ከሚጠጣ ተሸጦ ይደጉምህ» አለችውና ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት የኢንተርኔት ገጽ ላይ ትለጥፍለት ጀመር። እሱ ፎቶ ያነሳል፣ እሷ ትጽፋለች።

መጀመሪያ የወጣው የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ነበር። አፉን ሞልቶ «ምንም እንከን የለበትም» ብሎ አስጻፈ። እንከን እንዳለበት የት አውቆ። ሰላምታ እንኳ የማያስቀድሙ ሰዎች «የመጨረሻ ስንት?» እያሉ ሲያደርቁት ከርመው፣ አንዲት የመዋዕለ ሕፃናት ምግብ አብሳይ መጥታ ሳትከራከር ወሰደችው።

በሦስተኛው ቀን ደወለች።

«ጋሼ፣ ላስቸግርዎት ነው። ማሽኑ ሲጨምቅ ይራመዳል።»

«ይራመዳል ማለት?»

«እየዘለለ መጥቶ የመታጠቢያ ቤቱን በር ዘጋብኝ። ባሌ ገፍቶ እስኪከፍተው ውስጥ ቀረሁ። እርስዎ ቤት እያለ ምን ያደርጉት ነበር?»

ማሽኑን አንድም ቀን በእጁ አስነስቶት አያውቅም። «መጥቼ ልየው» አለና መፍቻዎቹንና ውሃ ልኩን በከረጢት ይዞ ሄደ።

አብሳይዋ አስነሳችለት። መጭመቅ ሲጀምር ማሽኑ እንደ እልኸኛ በቅሎ ተንቀጠቀጠና ወደፊት ተንፏቀቀ። እሱም ሳያስበው ዳሌውን አስጠግቶ ያዘው። ያኔ ነው ትዝ ያለው።

ሚስቱ የሰው ልብስ እያጠበች ነበር ልጃቸውን ያስተማረችው። ከሥራ ሲገባ ሁልጊዜ ማሽኑን ተደግፋ ያገኛታል። «ሥራሽን ለማሽን ሰጥተሽ ቆመሽ ታርፊያለሽ» እያለ ይቀልድባታል። ትስቃለች። ዳሌዋን ሲያማት ቅባት እያሸላት፣ «ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረጋል» ይላታል። «እሱ ነው» ትለዋለች።

ማሽኑን አስጠፍቶ ተንበረከከ። ከአራቱ እግሮች አንዱ አጥሯል፤ ብሎኑ ዝጎ አልዞር ብሏል። ዘይት ጠብ አደረገበት፣ ዘይቱ እስኪሰርግ ጠበቀ፣ አላቅቆ አስረዘመው፣ ውሃ ልኩን ከላይ አስተኝቶ አመዛዘነ። መልሰው ሲያስነሱት ማሽኑ ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

«ይኸው ነው?» አለች አብሳይዋ። «አሥር ደቂቃም አልፈጀ እኮ። እጅዎን ይባርከው።»

«ይኸው ነው» አለ።

የሞተር ድምፅ ብቻ ሰምቶ የትኛው የማርሽ ጥርስ እንደተበላ የሚናገር ሰው ነበር፤ ጋራዥ ሙሉ ሰው ይመሰክርለታል። እጁን የሚታጠብ መስሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አብሳይዋ ገባት መሰለኝ፣ ፎጣውን አስቀምጣለት ወጣች።

ቤቱ እንደገባ ለልጁ ደወለ። «እናትሽ ማሽኑን ይዛው ነበር እንዴ የምትቆመው?»

«አዎ አባዬ። ሲደክማት እኔም እይዝላት ነበር።»

«ምነው ታዲያ ሳትነግሩኝ?»

«እንዳትነግሪው ብላኝ ነው። ‹ቀኑን ሙሉ ከሞተር ጋር ሲታገል የዋለ ሰው፣ ቤቱም ሌላ ሞተር ይጠብቀው?› ትል ነበር።»

በማግስቱ የቀረውን ዕቃ ለመለጠፍ ስትደውል፣ «ቆይ፣ መጀመሪያ ልፈትሸው» አላት። የካውያው ገመድ ተልጦ በጨርቅ ተጠቅልሏል። የቁም ሳጥኑ በር ከፍ ካላደረጉት አይዘጋም። የምድጃው አንዱ ማብሪያ የሚዞረው በጉጠት ነው፤ ጉጠቱም እዚያው ጎኑ ላይ ተንጠልጥሏል። ስንት ዓመት በአጠገቡ አልፏል። አንድ በአንድ አበጃቸው፤ ሳምንት ፈጀበት። ሲለጠፉም ቶሎ ተሸጡ፣ አንድም ገዢ መልሶ አልደወለም።

ልጁ ልትጠይቀው ስትመጣ ባዶው ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ አገኘችው።

«ሌላስ?» አላት። «እኔ ያላየሁት ሌላ ምን ነበረባት?»

ልጅቷ ቦርሳዋን አስቀመጠችና አጠገቡ ተቀመጠች። «ጉልበቷም ያማት ነበር» ብላ ጀመረችለት።