እሁድ የትኛውን ማልያ ልልበስ?

«አባዬ፣ እሁድ የትኛውን ማልያ ልልበስ?» አለችኝ ልጄ ዳርሲ በስልክ።

የሌላ ሰው ልጅ ብትሆን ቀልድ ይመስለኝ ነበር። የዳርሲ ቁም ሣጥን ግን ስሜ ከጀርባው በታተመበት የየከተማው ማልያ ሞልቷል፤ አረንጓዴው፣ ቡኒው፣ ያ አስቀያሚ ብርቱካናማው ሳይቀር። እኔ ሮስኮ ላንድሪጋን የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋች ነኝ። ቦታዬ ኳርተርባክ ነው፤ ኳሷን የሚወረውረው። አይ፣ የሚወረውረው ሲጎዳ የሚገባው ብል ይሻላል። እሱም ከተጎዳ ነው!

«አንዱንም አትልበሺ። አዲሱን እዚህ እገዛልሻለሁ።»

«ትጫወታለህ?»

«ሙሉ ልብስ ለብሼ ሜዳው ዳር እቆማለሁ። ከዚያ በኋላ ምን ይታወቃል!»

ከእናቷ ከተለያየን ወዲህ ልጄ ሜዳ ላይ አይታኝ አታውቅም። በመጣች ቁጥር ወይ ተባርሬያለሁ፣ ወይ ልባረር ጫፍ ላይ ነኝ። ይቺን እሁድ ግን አጥብቄ ፈለግኋት።

ቡድኑ ማክሰኞ ዕለት ሲያስፈርመኝ ለምን እንደፈለገኝ አልጠፋኝም። እሁድ የሚገጥሙት ባለፈው ወር ያባረረኝን ቡድን ነው። በእኛ ሥራ የተለመደ ነው፤ ከተጋጣሚህ የተባረረ ሰው ታስፈርምና የምልክታቸውን ምስጢር ታስለፈልፈዋለህ። ይሁና! በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየቆነጠርኩ ልነግራቸውና ሳልባረር እስከ እሁድ ልቆይ ቆርጬ ገባሁ።

ገና በር ላይ «ሻንጣው መጣ!» ብለው ሳቁብኝ። ይሄ ቅጽል ስም በሄድኩበት ከተማ ሁሉ እኔን ቀድሞ ይገባል።

ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ ግን ጉድ ሆነ። እኔ ብቻዬን ነው የምበላው፤ ነገ ለሚሄድ ሰው ማን ወንበር ይስባል? የዚያን ቀን የተከላካዮቹ አሠልጣኝ ቡርዲን ትሪውን ይዞ አጠገቤ ዘጭ አለ። ተከላካዮቹም ተከትለው ከበቡኝ።

«እስቲ ሻንጣው፣ ያ ወርዋሪያቸው ጆሮውን ሲነካ ምን ማለቱ ነው?»

«ወደ ግራ ሊወረውር ነው።»

«እግሩን መሬት ሲመታስ?»

«ውሸቱን ነው። ንቅንቅ እንዳትሉ።»

«አንተ ሰውዬ፣ እስከ ዛሬ የት ነበርክ!» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ሆዴ ባባ። አትሳቁብኝ! ሞቴል ውስጥ ከቴሌቪዥን ጋር ሲያወራ የከረመ ሰው፣ ሰዎች ከበው ሲያዳምጡት ምን እንደሚሆን እኔ ነኝ የማውቀው። የተጠየቅኩትንም ያልተጠየቅኩትንም ዘረገፍኩት። የድሮውን አሠልጣኜን አነጋገር አስመስዬ በሳቅ ገደልኳቸው። አንዱ ድንች ጥብሱን አካፈለኝ። ሐሙስም ከበቡኝ። ዓርብ የምነግራቸው አለቀ፤ ምሳዬን ብቻዬን በላሁና ሄጄ የዳርሲን ማልያ ስሜን አሳትሜ ገዛሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። «ኮች ቡርዲን ይፈልግሃል። ታብሌትህንም ይዘህ ና።» የጨዋታው ዕቅድ ሁሉ ያለው እሱ ላይ ነው። መልስ ከተባልክ አበቃልህ ማለት ነው።

«ኮች፣ እስከ ነገ ብቻ ታገሡኝ» አልኩት ቡርዲንን። «ልጄ እየመጣች ነው። ልብሱን ለብሼ ልቁም ብቻ። ውኃም ቢሆን አቀብላለሁ።»

«ሮስኮ ወንድሜ፣ ቦታህን ለተጨማሪ ተከላካይ ፈለግናት» አለኝ። በስሜ ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነበር። ሁለት ቲኬት ሰጥቶ አሰናበተኝ።

እሁድ ዳርሲ ገና ከመኪናዋ ስትወርድ የቡድኑን ልብስ ሳይሆን ጃኬት መልበሴን አየች። «ተባረርኩ» አልኳት። ማልያውን ተቀብላ ከሹራቧ ላይ አጠለቀችው።

ከላይ ራቅ ያለ ቦታ ተቀመጥን። ቢያንስ ዐዋቂነቴን ላሳያት ብዬ፣ ወርዋሪው ጆሮውን ሲነካ «አየሽ፣ አሁን ወደ ግራ ነው» አልኳት። ተከላካዮቻችን በሙሉ ወደ ግራ ሮጡ። ወርዋሪው ወደ ቀኝ ወረወረና ነጥብ አስቆጠሩ። በሚቀጥለው እግሩን መሬት ሲመታ «ይሄ ውሸት ነው» አልኩ። እውነት ሆነ።

«አባዬ፣ ምንም አታውቅም እንዴ?» አለች እየሳቀች።

ያኔ ገባኝ። የድሮ ቡድኔ ሰዎች እዚህ መፈረሜን ሰምተው ምልክቱን ሁሉ ቀይረውታል! ያ ሁሉ ሰው ሳምንቱን ሙሉ የለመደውን ጥሎ አዲስ ሲያጠና ሰንብቷል። በእኔ ምክንያት! በዚህ ሁሉ ዘመኔ ለእኔ ብሎ አንዲት ነገር የቀየረ ቡድን አልነበረም። ልስቅ ስል እንባዬ ቀደመኝ።

«ምን ሆንክ?» አለችኝ ዳርሲ ደንግጣ።

«ፈርተውኛል» አልኳት። «እዚያ ሜዳ ዳር ቆሜ የማያቸው መስሏቸዋል።»

ዳርሲ ተነሣችና ስሜ እንዲታይ ጀርባዋን ወደ ሜዳው አዙራ ቆመች። «ተቀመጪ፣ ሩቅ ነው፣ አያዩሽም» ብላትም እምቢ አለች። ከፊታችን የተቀመጠው ሰውዬ ዞር ብሎ ጀርባዋን አነበበ።

«ላንድሪጋን ደግሞ ማነው?»

«ያ ሁሉ ሰው የፈራው ነዋ!» አለችው።

ሰውየው ወደ ሜዳው ዳር አየ፣ ተጫዋቾቹን አንድ በአንድ ፈለገ፣ ከዚያ ትከሻውን ሰብቆ ወደ ጨዋታው ተመለሰ።