ሚልክያስ በጃክሰን ጎዳና ወያላ ሆነ

ሐበሻ ከተሰደደ በኋላ ሁሉም የንጉሥ ዘር ነው። አገር ቤት ማን ሲያርስ፣ ማን ሲፈጭ እንደኖረ እግዜር ይወቀው። የሚልክያስ አማት ወይዘሮ የወርቅውሃም ከዚሁ ወገን ናቸው።

ሚልክያስና ሚስቱ መቅዲ ሳንሆዜ፣ የጃፓኖቹ ሰፈር ጃፓንታውን ውስጥ ከተከራዩ ስድስት ዓመታቸው ነው። ከታች ያሉት ጎረቤታቸው ሚስስ ናካኖ ሰማንያ አልፏቸዋል፤ ሰፈሩን ግን እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር ያዝዙታል። በየጥቅምቱ የሰፈሩ የኮስትዩም ሰልፍ አለ። ዘንድሮ ደንቡን ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ ሁሉም ቤተሰቡን ያበላውን ሥራ ለብሶ ይምጣ አሉ። ራሳቸው የእናታቸውን የእንጆሪ ለቀማ ኮፍያ ከሣጥን አውጥተው ተኩሰው አስቀምጠዋል።

ይህን የሰሙት ወይዘሮ የወርቅውሃ ከኦክላንድ የወርቅ ጥልፍ ካባና ዘውድ ይዘው መጡ። የአሥር ዓመቷን የልጅ ልጃቸውን ሊሊን አለበሷት፤ እሷም ለሚስስ ናካኖ ልታሳይ ወረደች።

«ቤተሰቦቼ ነገሥታት ነበሩ» አለቻቸው በእንግሊዝኛ።

አሮጊቷ ደረጃው ላይ የቆመውን ሚልክያስን ቀና ብለው አዩት። «ጥሩ ነው። ሥራውን ማን ይሠራ ነበር ታዲያ?»

ሚልክያስ ለይምሰል ሳቀ። ከአሥራ ሦስት ዓመቱ ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት ሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥሎ ነው የኖረው። አባቱ ሲሞት ሁለት እህቶቹን ያሳደገው በዚያ ነው። መቅዲን ሊያገባ ሲል አማቱ ሥራውን ቢጠይቁ የላካቸው ሽማግሌ «ትራንስፖርት ላይ ነበር» ብለው አለፉት። መቅዲ እውነቱን ታውቃለች፤ «ለእማዬ እንዳትነግራት» ያለችውም እሷ ናት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የሱ ግን አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እያደር ከበደው፤ አሁን ደግሞ ልጁ ትሸከመው ጀመር።

በነጋታው የፍሪጅ ካርቶን ለምኖ አመጣና ጋራዥ ውስጥ እንደ አገር ቤቱ ሚኒባስ ሰማያዊና ነጭ ቀባው። በር ቆረጠለት፤ በትከሻ የሚንጠለጠልበት ገመድም አሰረለት። መቅዲ ልብስ ልታጥብ ገብታ አየችው።

«ሚልኪ፣ ሲሪየስ ነህ? እማዬ እኮ የቸርች ሰው ሁሉ ኢንቫይት አድርጋለች። ቪዲዮ ያደርጉሃል!»

«ያድርጉኝ።»

«እሺ፣ ቢያንስ ሹፌር ሁን። ፕሊስ። ሹፌር ይሻላል።»

«ሹፌር አልነበርኩም።»

መቅዲ ልብሱን ማሽኑ ላይ ጥላ ወጣች።

ቅዳሜ በጃክሰን ጎዳና ሰልፉ ሲጀመር ሚስስ ናካኖ ከፊት ናቸው። ከኋላቸው አንድ የጥርስ ሐኪም የአያቱን የዓሣ ነጋዴ ሽርጥ ታጥቆ ይሄዳል፤ ሊሊ በካባዋ ትከተላለች። ሚልክያስ ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ካርቶኑን ተሸክሞ ወጣ። መጀመሪያ ድምፁ እምቢ አለው። የቸርቹን ሰዎች አስፋልቱ ዳር ተደርድረው ሲያያቸው ጭራሽ ፈራ። ፍርሃቱ አናደደው፤ ንዴቱ ደግሞ ድምፁን መለሰለት፤ የድሮ መስመሩን ከአካባቢው ከተሞች ጋር ቀላቅሎ ተጣራ።

«መገናኛ! መገናኛ በሃያ ሁለት! የሞላ፣ ሁለት ሰው ብቻ! ኩፐርቲኖ፣ ፓሎ አልቶ፣ ገባ ገባ በሉ!»

ጃፓኖቹ አጨበጨቡ። ከሐበሾቹ ግማሹ ሳቀ፤ ግማሹ ወይዘሮ የወርቅውሃን በጎሪጥ አየ። ወይዘሮዋ መንገዱ ውስጥ ገብተው የካርቶኑን በር ጨምድደው ያዙ።

«ምን ቅሌት ነው? የሰው መሳቂያ! ወያላ!»

«አዎ፣ እማማ። ወያላ ነበርኩ። ዘጠኝ ዓመት።»

«በሽማግሌው ምን ብለህ ነበር ያስነገርከኝ?»

«ዋሽቻለሁ። ለውሸቱ እግርዎ ላይ እወድቃለሁ። ለወያላነቴ ግን ማንንም ይቅርታ አልጠይቅም።»

«በሰው ፊት አዋረድከኝ!»

«እርስዎን አይደለም፣ እማማ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳዋርድ የኖርኩት ያንን ልጅ ነው። እህቶቹን ያሳደገውን።»

ሊሊ ዞረች። የአማርኛውን ስድብ ባታውቀውም የቀረው ገብቷታል። «ዳዲ፣ ልጅ ሆነህ ሥራ ነበረህ?» አለችው በእንግሊዝኛ።

«በአሥራ ሦስት ዓመቴ። አሪፍ ሠራተኛ ነበርኩ» አላት።

ሰልፉ ርቋቸው ሄዷል፤ አማቱ ግን በሩን አልለቀቁም። አጠገባቸው መቅዲ ስልኳን ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች። ዓይኗን ከባሏ አልነቀለችም።

ሚልክያስ ጎንበስ ብሎ በአክብሮት፣ ግን ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ ተናገረ።

«እማማ፣ ወይ ይግቡ፣ ወይ በሩን ይልቀቁልኝ። መኪናው ሊሄድ ነው።»

ወይዘሮ የወርቅውሃ ለቀቁት። መቅዲ ካርቶኑ ውስጥ ገባች።