የጎልፏ ጉሮሮ

ቡራዩ ውስጥ «የኢተፋን ጎልፍ የሚሠራት ማነው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ለብዙ ዓመት አንድ ነበር፤ ኦቦ ቦሩ። ቦሩ ይህን መልስ ከሌላ ሰው አፍ መስማት ይወዳል። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ እንኳ ወሬው ወደ መኪና ዞር ካለ አንገቱን ደፍቶ ስሙ እስኪጠራ ይጠብቃል። ሲጠራ «ኧረ እኔ ምን ሠራሁ» ይላል። ካልተጠራ ደግሞ ሆዴን አሞኛል ብሎ ቀደም ብሎ ይነሳል።

ጎልፏ ቀይ ናት። ኋላዋ በቢላ የተቆረጠ የሚመስል፣ አጭር፣ ገና ከፋብሪካዋ ስትወጣ ለሩጫ የታሰበች። ሱሉልታ አንድ ግቢ ውስጥ ዶሮ ሲያድርባት ያገኛት ቦሩ ነው። ሞተሯን አውርዶ የሰቀለው፣ ከወንበሯ ላይ ላባ የለቀመው፣ ለጎረቤቱ ልጅ ለኢተፋ ያሻሻጣትም እሱ። ኢተፋ ሞባይል እየጠገነ የሚሸጥ፣ ፀጉሩን በቀባው ቁጥር መስታወት የሚፈልግ ጎረምሳ ነው። መኪናዋ በወረቀት የኢተፋ ናት። ይህን ነገር ቦሩ ፊት ያነሳ ሰው ግን የለም።

ኋላ ቲቶ መጣ። ቲቶ ከወላይታ ለግንባታ ሥራ የመጣ ጴንጤ ሲሆን፣ ቦሩ ዕቃ እንዲያጥብለት ቀጠረው፤ ብሎን መፍታት አስተማረው፤ ከአንድ ትሪ በሉ። ከዚያ ቲቶ ሰበታ ሄዶ ቶርኖ ለመደ፣ ብረት እያዞረ የሚቀርጸውን ያን ማሽን። የራሱንም ቤት ከፈተ። አሁን ከሰበታ እስከ ሱሉልታ መኪናውን ማፍጠን የሚወድ ወጣት ሁሉ የሚሰፋ ወይም የሚጠብ ነገር ሲገጥመው «ቲቶ ጋ» ይላል። ቦሩ ይህችን ሲሰማ ጥርሱን እንደታመመ ሰው ጉንጩን ይይዛል።

ጊዜው የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ረብሻ ነው። ፕላኑ ቀርቷል ተብሎ በሬዲዮ ተነግሯል፤ መንገዱ ላይ ያለው ድንጋይና ወታደር ግን ሬዲዮ የሰማ አይመስልም። ያን ሳምንት አድማ ተጠርቶ ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል። ቦሩ አጥሩ ላይ ቀያሾች የቀቡትን ቀይ ምልክት ደጋግሞ በኖራ ሲያጠፋ ሰንብቶ፣ አሁን ሥራ ፈትቶ ግቢው ውስጥ ተቀምጧል። ኢተፋ በብረቱ በር ብቅ አለ።

«ኦቦ ቦሩ፣ አይቆጡ እንጂ ስለ ጎልፏ አንድ ነገር ላማክርዎ ነበር።»

ቦሩ ከመቀመጫው ተነሳ። «ማል ታኤ? ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነች። ሰፊ ትሮትል ቦዲ አሠራሁላት።»

ትሮትል ቦዲ ማለት ሞተሩ አየር የሚስብበት ጉሮሮ ነው። መሐሉ ላይ ነዳጅ ሲረገጥ የምትከፈት፣ እግር ሲነሳ የምትዘጋ ክብ መዝጊያ አለችው። ጉሮሮው ሲሰፋ ሞተሩ ብዙ ይተነፍሳል፣ መኪናዋም ዳገት ላይ ትጋልባለች። ቦሩ ይህን ሁሉ ያውቃል። እሱን የወጋው ሌላ ነው።

«ልታማክረኝ ነው ወይስ ልትነግረኝ?»

«ላማክርዎ ነው እንጂ። ቲቶ ትርፍ አንድ አግኝቶ ቶርኖ ላይ አስፍቶ ጨርሶታል።»

«ከጨረሰ ምኑን ነው የምታማክረኝ?»

«ቦታውን» አለ ኢተፋ ዓይኑን ጫማው ላይ አድርጎ። «የመንገድ ዳር ጋራዥ ከከፈተ በድንጋይ ይመታል። የእርስዎ ግቢ ደግሞ ጓሮ ነው፣ በሩም ብረት ነው። ቲቶ እዚህ መጥቶ ይግጠምልኝ ብዬ ነው።»

ቦሩ እንቢ ለማለት አፉን ከፈተ። እንቢ ካለ ግን ጎልፏ ሌላ ግቢ ትገባለች። እሱ ገብቶ ማየት የማይችልበት ግቢ። «ይምጣ» አለ።

ቲቶ በማግሥቱ መጣ። አስፋልቱ ተዘግቷልና በገበሬ ማሳ መሐል በእግሩ አቋርጦ፣ የሰፋውን ትሮትል በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ እንደ ሕፃን አቅፎት። የቦሩ ሚስት ጠጅቱ ከጓዳ ወጥታ ጉንጩን አገላብጣ ሳመችው።

«ቲቶዬ! አንተ ከሳህ እኮ! ሰበታ ምግብ የለም እንዴ?»

«አለ እናቴ፣ የእናንተ ዓይነት የለም እንጂ።»

ከዚያ ወዲያ ጠጅቱ ጓዳ ገባች፤ የቅቤ ሽታም ተከተለ። ቦሩ አፍንጫውን አቀና። ጨጨብሳ ነው። እሱ ጨጨብሳ ለመጨረሻ ጊዜ የቀመሰው በፋሲካ ሰሞን ነበር፤ ያኔም ቅቤ ተወዷል ተብሎ ደረቅ ደረቁን።

ቲቶ ከመብላቱ በፊት ጸለየ። ከበላ በኋላ ጸለየ። ኮፈኑን ከፍቶም ትሮትሉ ላይ እጁን ጭኖ ጸለየ። «ጌታ ሆይ፣ የእጃችንን ሥራ አቅና። ይህን ግቢ ባርክ። ጋሼ ቦሩን ባርክ፣ ዕድሜ ስጠው።» ቦሩ ኮፊያውን በእጁ ይዞ ቆመ። በገዛ ግቢው፣ በገዛ ጎልፉ ፊት፣ የገዛ ሠራተኛው ምርቃት ሲያድለው ምን እንደሚባል አላወቀም። «አሜን» ማለት ግዴታ ሆነበትና በጥርሱ መሐል አለ።

ሥራው ተጀመረ። ቦሩ አንድ የቆየ ካንዴላ ይዞ በብሩሽ ያጸዳ ጀመር። ካንዴላው ንጹሕ ነበር። ዓይኑ የቲቶ እጅ ላይ ነው፤ ስህተት ፍለጋ።

ስህተት አልተገኘም። ቲቶ የነዳጁን ሽቦ ነቀለ፣ አሮጌውን ትሮትል አወረደ፣ የሞተሩንም አፍ ከአዲሱ ጉሮሮ እኩል እስኪሆን ሞረደ። ይህን ሲያይ ቦሩ በልቡ ተራገመ፤ አብዛኛው ሰው ጉሮሮውን አስፍቶ አፉን እንዳለ ይተወዋልና፣ እሱም ያንን ሲጠብቅ ነበር። ከዚያ ቲቶ በሁለቱ ብረት መሐል የሚገባውን ጓርኒሲዮን ሊቆርጥ ወፍራም ወረቀቱን ብረቱ ላይ አስተኝቶ፣ ዙሪያውን በመዶሻ ጠቅ ጠቅ እያደረገ በብረቱ ጠርዝ ቆረጠው። ይህን ያስተማረው ቦሩ ነው። ቦሩ ሲቆርጥ ግን ጠርዙ አይጥ የበላው ይመስላል፤ የቲቶ በመቀስ የተቆረጠ መሰለ።

«ጎበዝ» አለች ጠጅቱ ከደጃፍ። ባሏን ስታመሰግን የምታሰማው ድምፅ ቦሩ ትዝ ሊለው አልቻለም።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። አዲሱ ትሮትል ትልቅ ስለሆነ አሮጌው የአየር ማጣሪያ አልገጥም አለ። ቲቶ ማጣሪያውን ትቶ ሰፊ ጎማ ቱቦ ቀጠለና አፉን ከፊት ከመብራቱ ጎን፣ ልክ ከፍርግርጉ ኋላ አደረገው። የቱቦው አፍ እንደተከፈተ ነው።

«ጋሼ፣ ወንፊት ቢጤ አይኖርህም? ቆሻሻ እንዳይስብ አፉ ላይ ልሰር ብዬ ነበር።»

ወንፊት አለ። መጋዘኑ በር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ደህና የብረት ወንፊት፣ ለዚሁ ሥራ የተፈጠረ።

«የለኝም» አለ ቦሩ።

ለምን እንዳለው እሱም በደንብ አልገባውም። መኪናዋ እንድትጎዳ አልነበረም። አንዴ፣ አንዴ ብቻ ብታስል ብሎ ነው፤ አንዴ ኢተፋ ፊት ኡህ ኡህ ብትልና ኢተፋ ዘወር ብሎ «ኦቦ ቦሩ፣ ምን ሆነችብኝ?» ቢለው።

ቲቶ ቀስ ብሎ ቀና አለ፣ ቦሩን አየው፣ ራሱን ነቀነቀ። «እሺ። ለሙከራ ብቻ ከሆነ ምንም አትሆንም። ነገ ከሰበታ አመጣለሁ።»

ኢተፋ ቁልፉን አዞረ።

ጎልፏ ተነሳች። ድምፅዋ ከዚህ በፊት ቦሩ የሚያውቀው አልነበረም፤ ወፍራም፣ ጥልቅ፣ ከሆድ የሚወጣ። ሰው ልጁ እሱ ባልነገራት ቀልድ ከት ብላ ስትስቅ ከጓዳ ሲሰማ እንዲህ ሳይሆን አይቀርም። ኢተፋ ጮኸ፣ ጠጅቱ እልል አለች። ቦሩ ሚኒሞው ከፍ ብሏል፣ ቆማ ስትጠብቅ በጣም ትጮሃለች አለ። ቲቶ አንዲት ብሎን ሩብ ያህል አዞረ። ሚኒሞው ልክ ሆነ።

«እንውጣ!» አለ ኢተፋ። «አስፋልቱ ባዶ ነው፤ እንዲህ ያለ ቀን መቼ ይገኛል?»

«አድማ ነው እኮ» አለች ጠጅቱ።

«አድማው ለሚሸጥ ነው፤ እኔ አልሸጥም።»

ቲቶ ከፊት ተቀመጠ። ማንም አልጠየቀውም፣ ማንም አልከለከለውም። ቦሩ ይህን አይቶ ግቢ መቅረት አልቻለም፤ ጉልበቱን ከአገጩ አጋጥሞ ከኋላ ገባ።

አስፋልቱ እንደተባለው ባዶ ነበር። ወደ አምቦ ሲወጣ የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ግን ወጣቶች ድንጋይ ደርድረው ቆመዋል። አንዱ መስኮቱን አንኳኳ።

«አቦ ኢተፋ፣ አንተም ትነዳለህ? ሰው ሁሉ ቤቱ ተቀምጦ!»

«ሙከራ ነው ሌንጮ፣ ተመልሰን እንመጣለን።»

«ሙከራም ቢሆን ያለ ቅጠል አይታለፍም።» ያን ሰሞን ደንቡ ይህ ነው፤ ከሕዝቡ ጋር ነኝ ያለ መኪና ቅርንጫፍ ሰክቶ ያልፋል። ሌንጮ ራሱ የባህር ዛፍ ቅጠል ዘንጥሎ ፍርግርጉ ውስጥ ጠቀጠቀው፤ በግራ በኩል፣ ከመብራቱ አጠገብ፣ ልክ የቱቦው አፍ ፊት።

ቦሩ አየ። አፉ ተከፈተ። «ወንፊት...» ሊል ምላሱ ተነሳ፤ ሊል ያለው ቃል ግን ሌላ ቃል ያስከትላል፣ ያም ሌላ። ቲቶ ደግሞ አንገቱን አዙሮ ከሌንጮ ጋር እየተሳሳቀ ነው፤ ሌንጮ «የሰበታው ቲቶ አንተ ነህ እንዴ!» እያለው። ቦሩ አፉን ዘጋ።

ድንጋዩ ተነሳላቸው። ኢተፋ ረገጠ።

እውነቱን ለመናገር ሄደች። ወንበሩ ቦሩን ወደ ኋላ ጨፈለቀው። ዳገቱን ሜዳ አደረገችው። ኢተፋ «አያችሁ? አያችሁ?» ይላል። ከዳገቱ ራስ ሲደርሱ ከታች የወታደሮች ኬላ ታየ፤ ፒካፕ መኪና፣ መንገድ የዘጋ ግንድ፣ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች።

«ቅጠሉን እናንሳ፣ እነዚህ ቅጠል አይወዱም» አለ ቲቶ።

ኢተፋ እግሩን አነሳ። ጎልፏ ግን አላነሳችም። ሞተሩ እንደተረገጠ ሁሉ መጮሁን ቀጠለ። ኢተፋ ፍሬን ያዘ፤ መኪናዋ እየጎተተች ቁልቁል ትወርዳለች። ፍሪሲዮን ረገጠ፤ ሞተሩ እንደሚታረድ በሬ አጓራ። ከታች አንድ ወታደር እጁን አነሳ፣ ሌላው ጠመንጃውን አነሳ።

«ቅጠል ገብቶባታል!» ጮኸ ቦሩ ከኋላ። «ቁልፉን አጥፋው! መሪውን ሳትቆልፍ አጥፋው!»

ኢተፋ አጠፋው። ዝም አለች። በዝምታ እየተንሸራተተች ሄዳ ከግንዱ ፊት፣ ከአፈሙዝ ፊት ቆመች። ቅጠሉ ከፊቷ ላይ ይወዛወዛል።

የኬላው አሥር አለቃ አስወረዳቸው። ቅጠሉን አየ፣ እነሱን አየ። «ሰብራችሁ ልታልፉ ነበር?»

«አይደለም ጌታዬ፣ ተበላሽታ ነው» አለ ኢተፋ።

«የዚህች መኪና መካኒክ ማነው?»

ቦሩ ይህን ጥያቄ ዕድሜ ልኩን ሲጠብቅ ኖሯል። ቲቶን በጎን አየው። ቲቶ አፉን ሊከፍት ነው። ደግሞ ሊቀድመው ነው።

«እኔ ነኝ!» አለ ቦሩ።

«እኔ ነኝ» አለ ቲቶ፣ ከሱ ኋላ።

«ሁለታችሁም ተቀመጡ» አለ አሥር አለቃው።

አስፋልቱ ዳር ፀሐይ ላይ አስቀመጧቸው። ኢተፋን ለብቻው ወስደው ይጠይቁት ጀመር። ቲቶ ከንፈሩን አንቀሳቅሶ ሲጸልይ ቦሩ ስሙን ሰማ፤ እንደገና እየተባረከ ነው። አልቻለም።

«ወንፊት ነበረኝ» አለ መሬት መሬት እያየ።

«አውቃለሁ ጋሼ። ስገባ መጋዘኑ በር ላይ አየሁት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ግቢው ያንተ ነው። የለኝም ካልክ የለህም። ያለሱ መውጣት ግን አልነበረብኝም። ያ የኔ ነው።»

ቦሩ ይህን መልስ አላምጦ ሊውጠው ሞከረ። ጥፋቱን እንኳ ከእጁ ተካፈለው። ይህ ሰው ምን ይተውለታል?

አሥር አለቃው ተመለሰ። ኢተፋ ከኋላው ነው፤ ፊቱ ላይ ቀለም ተመልሷል። ጎልፏን ከፍተው መዝጊያዋ እንዳትዘጋ ጉሮሮው ውስጥ የተቀረቀረውን ቅጠል አይተውታል፣ ነገሩም ገብቷቸዋል። አሥር አለቃው ግን ወዲያው አልለቀቃቸውም። ወደ ፒካፑ በአገጩ ጠቆመ።

«ይቺ ጠዋት አልነሳም ብላለች። ከሁለታችሁ የሚሻለው ማነው?»

የወታደር መኪና ነው። ነክተህ ብትሠራው ምስጋና የለም፣ ነክተህ ብታበላሸው ግን መመለሻው አይታወቅም። ቦሩ አሰበ።

«እሱ ነው» አለ ቲቶን እያሳየ። «ከሰበታ እስከ ሱሉልታ የሚያህለው የለም።»

ቲቶ ዞሮ አየው። ሲስቅ ይሁን ሲያዝን አልተለየም። «እኔን ያስተማረኝ እሱ ነው፤ እሱ ካለ እኔ አልነካም።»

«ሁለታችሁም ሂዱ!»

ሄዱ። ቲቶ ኮፈኑን ከፈተና ጎንበስ አለ። እጁን ሰደደ፣ የመጀመሪያዋን ብሎን ያዘ። ቦሩ ከጎኑ ቆሞ እጁን ኪሱ ከትቶ አየው። ትንሽ ቆይቶ እጁን ከኪሱ አወጣ።

«ተው፣ ዲሲ!» አለ ቲቶን በክርኑ ገፋ አድርጎ። «እንዲህ አይደለም የሚፈታው። ልቀቅልኝ እስቲ፣ እኔ ልያዘው።»