ያልታጠበው መስታወት

ዋሂዳ የቅቤውን ቆርቆሮ በፈላ ውሃና በሳሙና ደጋግማ እያሸች ሳለ እጇ ቀጥ አለ።

በእናቷ በፋጤ የቅቤ ሱቅ ሕጉ አንድ ነው፤ የትናንት ቅባት የዛሬውን ቅቤ እንዳያበላሽ፣ ቆርቆሮ ጣት ሲያልፍበት እስኪጮህ ድረስ ይታጠባል። እንጅባራ ላይ የቅቤ ነጋዴ ልጅ ወዛም ዕቃ አስቀምጣ ከተገኘች ነውር ነው። ንጹሕ መሆን መቼም አያስወቅስም፤ ችግሩ ዋሂዳ ይህንኑ አመሏን ይዛ ቤተ ሙከራ መግባቷ ነው። የቤተ ሙከራው መመሪያ በስስ መስታወት ላይ የሚዘጋጁት ህዋሶች በጨው ውሃ ብቻ ይለቅለቁ ይላል። እሷ ግን መስታወቱ ላይ ወዝ ያየች እየመሰላት አልኮል ታክልበት ነበር። አልኮል ደግሞ ስብ ያሟሟል።

«እኔው ነኝ ያጠብኩት» አለች ለራሷ።

ቆርቆሮውን እንዳለ ጥላ በባጃጅ ከነፈች። ጥጆችን በተቅማጥ የሚጨርሰው ቫይረስ በህዋስ ውስጥ የተከማቹትን የስብ ጠብታዎች መራቢያ እንደሚያደርጋቸው በዓይኗ ለማየት ወራት ደክማለች፤ አንድም ጠብታ ግን አላየችም። የጥናት አማካሪዋ ዶክተር አስማረ ዛሬም ካልታየ ሌላ ርዕስ ትይዣለሽ ብለዋታል። የቀራት የታመመ ህዋስ ያለበት አንድ መስታወት ብቻ ነበር።

የአልኮሉን ጠርሙስ ከአጠገቧ አራቀች። በጨው ውሃ አለቀለቀችና ቀለሞቹን ጨመረች፤ አረንጓዴው ለስቡ፣ ቀዩ ለቫይረሱ። መስታወቱ በወዝ ሲያብለጨልጭባት ለማጠብ ጣቷን በላት፤ እንደምንም ቻለችው።

ዶክተር አስማረ መጥተው ከኋላዋ ቆሙ።

«በአልኮል አጥበሽዋል?»

«አላጠብኩትም። እስከ ዛሬ ስቡን ሳጠፋው የኖርኩት እኔ ነኝ፣ ዶክተር።»

መብራቱን አጥፍታ ወደ ማይክሮስኮፑ አጎነበሰች። አረንጓዴ ጠብታዎች፣ ወጥ ላይ እንደሚንሳፈፍ ቅቤ ድብልብል ብለው፣ ህዋሱን ሞልተውታል። ቀዩም ወዲያ ወዲህ አልተበተነም፤ እነሱኑ ከብቦ ተኮልኩሏል። ብድግ ብላ ወንበሩን ለዶክተሩ ለቀቀችላቸው። ተቀምጠው የማይክሮስኮፑን ማስተካከያ እያዞሩ ደጋግመው አዩ።

«ጤነኛውንም ህዋስ እንዲሁ በአልኮል ሳታጥቢ አዘጋጂልኝ» አሉ በመጨረሻ፣ ዓይናቸውን ሳያነሱ። «ካላነጻጸርን ማንም አያምነንም።»

ስልኳ ጠራ። ፋጤ ናት። ወዛም ቆርቆሮ ጥለሽብኝ ሄደሽ ገበያተኛ ሁሉ አየብኝ እያለች ትቆጣለች። ዋሂዳ እየሳቀች እንባዋን ጠረገች። ዶክተሩ ከወንበሩ ገና አልተነሱም።

«እማ» አለች፣ «እስክመጣ እንዳታጥቢው። ወዙ ምን እንዳሳየኝ እነግርሻለሁ።»